ከወተትና ከሥጋ የሚመጣ በሽታ ከየትኛው በረት እንደ ወጣ በዘር ምልክት ስለ ማወቅ

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» የተባለው ምሳሌ ለዳኛ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ የሕዝብንና የከብትን ጤና እንዲጠብቅ አደራ ለተሰጠው ሹምም ይሠራል። በአንድ ወረዳ ውስጥ ብዙ ሰዎች በአንድ ሳምንት ትኩሳትና ተቅማጥ ሲይዛቸው፥ ነፍሰ ጡሮች ሲያስወርዳቸው፥ ሕፃናትም ሲሞቱ፥ ሕዝቡ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የማን ወተት ነው?» ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ ያለ ማስረጃ መልስ የሰጠ ሹም በአንድ ጊዜ ሁለት ጥፋት ያደርሳል፤ በደል የሌለበትን ባለከብት ያደኸያል፥ በሽታውንም በእውነተኛው ምንጩ እንደ ተቀመጠ ይተወዋል።

በቀድሞ ዘመን በኢትዮጵያ የተሰወረ ወንጀል በተደረገ ጊዜ አገሬው ለአውጫጭኝ ይሰበሰብ ነበር፤ ምስክር ያልተገኘበት ሌባም በሌባሻይ ይፈለግ ነበር። አውጫጭኝ ሰው የሚያውቀውን ያወጣል እንጂ ማንም ያላየውን ሊያወጣ አይችልም። ሌባሻይም መድኃኒት የጠጣው ልጅ ሄዶ በወደቀበት ደጅ ንጹሑን ሰው ዕዳ ያሸክም ስለ ነበረ ቀርቷል። በወተት የሚመጣው ጥፋት ግን አድራጊው በዓይን የማይታይ፥ ያየው ምስክርም የሌለ ነው። ስለዚህ የዛሬ ዘመን ሊቃውንት በሽታ አምጪው ራሱ ስለ ራሱ እንዲመሰክር የሚያደርግ ጥበብ አገኙ፤ ይኸውም የረቂቅ ተሕዋስያንን የዘር ምልክት ማንበብ ነው። ከዚህ በታች የሚነገረው ምልክቱ እንዴት እንደሚነበብ፥ እስከ ምን ድረስ እንደሚታመን፥ የወረዳ ሹማምንትና ባለከብቶችም ምን ሊያደርጉ እንደሚገባቸው ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በሽታውን የሚያመጡት እነማን እንደ ሆኑ

በወተት፥ በሥጋና በእንቁላል ወደ ሰው ከሚተላለፉት ባክቴሪያዎች መካከል እጅግ የታወቁት አራት ናቸው፤ እነርሱም ሳልሞኔላ፥ ካምፒሎባክተር፥ ሊስቴሪያና ኢ. ኮላይ ኦ157 ይባላሉ። ብዙ ጊዜ የሚኖሩት በላም፥ በበግ፥ በፍየልና በዶሮ አንጀት ውስጥ ነው። ባለከብቱን የሚያሳስተው ነገር ይህ ነው፤ ላሚቱ በአንጀቷ ተሸክማቸው ሳለች ትበላለች፥ ታመሰኳለች፥ ወተቷም ላይጎድል ይችላል። በተለይም ኦ157 የተባለው ላሚቱን ምንም ሳያሳምማት ከእበቷ ጋር ይወጣል። እበቱ ግቷን የነካ እንደ ሆነ፥ ወይም በአላቢው እጅና በማለቢያው ዕቃ ላይ የቀረ እንደ ሆነ፥ ባክቴሪያው ወደ ወተቱ ይገባል፤ የወተቱም መልክ፥ ሽታና ጣዕም አይለወጥም።

ኦ157 በሰው አንጀት ውስጥ መርዝ ያፈልቃል፤ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያመጣል፥ በሕፃናትም ላይ ኩላሊትን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ሊስቴሪያ ደግሞ በአፈርና በተበላሸ የከብት መኖ ውስጥም ይገኛል። ሌሎቹ በብርድ ሲገቱ እርሱ በማቀዝቀዣ ሣጥን ውስጥ እንኳ ይራባል። ጤነኛውን ጎልማሳ ብዙ አይጎዳውም፤ በነፍሰ ጡር ሴት ላይ ግን እርስዋን በቀላል ትኩሳት ብቻ አልፎ ፅንሷን ሊገድል ይችላል።

የጉዳቱም መጠን ቀላል አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው ግምት መሠረት፥ በ2010 በአንዱ ዓመት ብቻ በተበከለ ምግብ ምክንያት 600 ሚሊዮን ሰዎች ታመዋል፥ 420 ሺህም ሞተዋል፤ ከሞቱትም ውስጥ 125 ሺህ ያህሉ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ነበሩ።

የባክቴሪያውን ስም ማወቅ ብቻውን ስለማይበቃ

ሐኪሙ ከበሽተኛው ሳልሞኔላን ቢያገኝ፥ የእንስሳት ሐኪሙም ከአንድ ሰው በረት ሳልሞኔላን ቢያገኝ፥ ይህ ብቻውን ባለበረቱን አያስፈርድበትም። ሳልሞኔላ የወል ስም ነውና፤ ከእርሱ ሥር ከ2500 የሚበልጡ ወገኖች ይቈጠራሉ። በአንድ ገበያ ውስጥ ታደሰ የሚባሉ አሥር ሰዎች ቢገኙ፥ አንደኛው ታደሰ የተበደረውን ሌላው ታደሰ እንዲከፍል አይፈረድም፤ የአባቱ ስም፥ የአያቱ ስም፥ አገሩም ይጠየቃል። የባክቴሪያውም አባትና አያት እንዲሁ ሊጠየቅ ይገባል።

የባክቴሪያ ትውልድ የሚታወቀው በውስጡ ባለው ዲ.ኤን.ኤ. በሚባል ረጅም ጽሕፈት ነው። ይህ ጽሕፈት ያለው አራት ፊደል ብቻ ነው፤ ነገር ግን አራቱ ፊደላት እየተደጋገሙ በሊስቴሪያ ሦስት ሚሊዮን ያህል፥ በኦ157 ደግሞ አምስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሆነው በተራ ተሰድረዋል። ባክቴሪያው ለሁለት በተከፈለ ቁጥር ጽሕፈቱ በሙሉ ይገለበጣል፤ በመገልበጥም አንዳንድ ጊዜ አንዲት ፊደል ትሳታለች።

ይህን ለመረዳት የቁም ጸሐፊን ሥራ ማሰብ ይበቃል። አንድ ጸሐፊ ዳዊት ሲገለብጥ አንዲት ፊደል ቢስት፥ ከእርሱ መጽሐፍ የሚገለብጡት ሁሉ ያችን ስሕተት ይዘው ይወርዳሉ። ከብዙ ዘመን በኋላ በሁለት ደብር የሚገኙ ሁለት ዳዊቶች በአንድ ስፍራ አንድ ዓይነት ስሕተት ቢገኝባቸው፥ አስተዋይ ሊቅ ከአንድ አባት መጽሐፍ የተገለበጡ እንደ ሆኑ ያውቃል። ስሕተታቸው የማይገናኝ ከሆነ ግን ዝምድናቸው የራቀ ነው። ከበሽተኛው የተገኘው ባክቴሪያና ከበረቱ የተገኘው ባክቴሪያም ዝምድናቸው የሚታወቀው በዚህ ዓይነት ነው።

ምልክቱ እንዴት እንደሚነበብ

ጽሕፈቱን በሙሉ ማንበብ ከባድ በነበረበት ዘመን ሊቃውንት አቋራጭ መንገድ ይጠቀሙ ነበር። ይህን መንገድ በ1984 ያስታወቁት ዴቪድ ሽዋርትዝና ቻርልስ ካንተር የሚባሉ በአሜሪካ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሊቃውንት ናቸው። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

ባክቴሪያዎቹ ከባሕር ሣር በተሠራና እንደ ቀዘቀዘ መረቅ በሚረጋ ነገር ውስጥ ይያዛሉ። ከዚያ በኋላ የውጭ ሽፋናቸው በመድኃኒት ሟምቶ ዲ.ኤን.ኤ. ብቻ ሳይበጣጠስ ይቀራል። ቀጥሎም ኢንዛይም የሚባል ነገር ይጨመርበታል፤ ይህም በረጅሙ ጽሕፈት ውስጥ አንድ የተወሰነ ቃል ባገኘበት ስፍራ ሁሉ እንደ መቀስ ይቈርጣል። የተወሰነው ቃል በሁለት ባክቴሪያዎች ውስጥ በአንድ ስፍራ የሚገኝ ከሆነ ቁራጮቹ እኩል ይሆናሉ፤ ስፍራው የተለያየ ከሆነ ግን ቁራጮቹም ይለያያሉ።

ቁራጮቹን ለመለካት በረጋው ነገር ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይል አቅጣጫውን እየለዋወጠ ብዙ ሰዓት ይላክባቸዋል። ይህ ጥቅጥቅ ባለ ዱር ውስጥ እንደ መሄድ ነው፤ አጭሩ ቁራጭ በፍጥነት ሾልኮ ይርቃል፥ ረጅሙ ወደ ኋላ ይቀራል። በመጨረሻ በቀለም ነክረው በልዩ ብርሃን ፎቶግራፍ ሲያነሡት፥ ቁራጮቹ እንደ መሰላል ደረጃ ከላይ ወደ ታች በመስመር ተሰልፈው ይታያሉ። ይህ የመስመሮች ሰልፍ የባክቴሪያው ምልክት ነው። ባለከብት የጠፋችበትን ላም በተተኮሰባት ምልክት ከብዙ ከብት መካከል እንደሚለያት፥ መርማሪውም የበሽተኛውንና የበረቱን ባክቴሪያ በዚህ ሰልፍ ያመሳክራል።

ከጊዜ በኋላ ግን ጽሕፈቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፊደል በፊደል የሚያነብቡ መሣሪያዎች ተገኙ። በአሜሪካ ከ2013 ጀምሮ ከበሽተኞች የተገኘው ሊስቴሪያ በዚህ መንገድ ይነበብ ጀመር፤ በ2019ም ይኸው ሙሉ ንባብ በአገሩ የምርመራ ቤቶች ማኅበር ውስጥ የቀድሞውን አሠራር ተካ። የመጀመሪያው መንገድ የመጽሐፉን ምዕራፎች ርዝመት እንደ መለካት ነው፤ ሁለተኛው ግን መጽሐፉን ራሱን ማንበብ ነው።

ምልክቱ በዳዩን ስለ መያዙ

በ1993 በአሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል በደንብ ያልበሰለ የተፈጨ የበሬ ሥጋ ከበሉት ሰዎች ከ700 በላይ የሚሆኑ በኦ157 ታመሙ፤ አራት ሕፃናትም ሞቱ። የበሽተኞቹ ባክቴሪያና የሥጋው ባክቴሪያ ምልክት አንድ ሆኖ ተገኘ። የአገሩ መንግሥት ከዚህ ትምህርት ወስዶ በ1996 ፐልስኔት የሚባል ማኅበር አቋቋመ፤ ይህም በየግዛቱ ያሉ የምርመራ ቤቶች ሁሉ የሚያገኙትን ምልክት በአንድ ዓይነት አሠራር አውጥተው በአንድ መዝገብ የሚያኖሩበት ነው። ከዚህ በፊት በአንዱ ግዛት ሁለት ሰው፥ በሌላው ሦስት ሰው ቢታመም እርስ በርሱ የሚያገናኘው አልነበረም፤ ከዚህ በኋላ ግን መዝገቡ አገናኘው።

ለወተት ነገር ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው በሰሜን ካሮላይና ግዛት በዊንስተን ሴለም ከተማ ከጥቅምት 2000 እስከ ጥር 2001 የሆነው ነው። በዚያ ከታመሙት 12 ሰዎች መካከል አሥሩ ነፍሰ ጡር ሴቶች ነበሩ። ከአሥሩም አምስቱ የሞተ ልጅ ወለዱ፤ ሦስቱ ያለ ወራቸው ተገላገሉ፤ የሁለቱ ልጆች ከበሽታው ጋር ተወለዱ። ሴቶቹ ከሜክሲኮና ከዚያ አካባቢ ወደ አሜሪካ በሄደው ሕዝብ መካከል የሚኖሩ ነበሩ፤ ይህም ሕዝብ በባህሉ የሚወደው ትኩስና ለስላሳ ነጭ አይብ አለ። ያ አይብ ካልፈላ ወተት በየቤቱ እየተሠራ በትንንሽ ሱቆችና ከደጅ ወደ ደጅ ይሸጥ ነበር።

መርማሪዎቹ ከበሽተኞቹ፥ በሱቅ ከተገኘው አይብ፥ ከአንዲት በሽተኛ ቤት ከተገኘው አይብ፥ እንዲሁም በአካባቢው ካለ አንድ የወተት ከብት ርቢ ከተወሰደ ጥሬ ወተት ሊስቴሪያን አወጡ። የሁሉም ምልክት አንድ ሆነ። ምልክቱ ባይኖር ኖሮ ነገሩ አይብ በሠሩት ድኆች ሴቶች ላይ ተደፍድፎ በቀረ ነበር፤ ወተቱም ለሌላ አይብ ሠሪ መሸጡን በቀጠለ ነበር። ምርመራው እስከ በረቱ ድረስ ስለ ደረሰ ግን ጥሬው ወተት ለቤት አይብ ሠሪዎች እንዳይሸጥ ተከለከለ፤ ባለሱቆችና ሴቶችም ስለ አደጋው ተማሩ።

የመዝገብ ጥቅም ደግሞ በ2015 ታየ። በደቡብ ካሮላይና ግዛት እንደ ልማድ በተደረገ ቁጥጥር ከወተት ተዋጽኦ በሚሠራ አይስክሬም ውስጥ ሊስቴሪያ ተገኘ። ምልክቱ በመዝገቡ ሲፈለግ፥ በሩቅ በካንሳስ ግዛት በአንድ ሆስፒታል ከተኙ በሽተኞች ጋር ዝምድና እንዳለው ታወቀ። ምርመራው ሲቀጥልም ከ2010 ጀምሮ በተለያዩ ግዛቶች የታመሙ ሰዎች ከዚሁ ኩባንያ ሥራ ጋር ተያያዙ። በጠቅላላው አሥር ሰዎች ታመው ሦስቱ ሞቱ። አምስት ዓመት ሙሉ እንደ ተራ ሕመም ተቈጥሮ የነበረው ነገር ምንጩ አንድ መሆኑ የታወቀው የቀድሞዎቹ በሽተኞች ባክቴሪያ ተጠብቆ ስለ ቈየ ነው።

ምልክቱ ንጹሑን ነፃ ስለ ማውጣቱ

ይህ ጥበብ የሚከስስ ብቻ ሳይሆን የሚፈታም ነው። በግንቦት 2011 በጀርመን አገር ኢ. ኮላይ ኦ104 የሚባል ክፉ ወገን ተነሥቶ ከ3800 የሚበልጡ ሰዎችን አሳመመ፥ ከ50 የሚበልጡትንም ገደለ። የሐምቡርግ ከተማ ሹማምንት ከእስፓኝ በመጣ ኪያር ላይ ኢ. ኮላይ ስላገኙ ምንጩ ኪያሩ ነው ብለው አስታወቁ። ወዲያው ገበያ ሁሉ የእስፓኝን አትክልት እምቢ አለ፤ ገበሬዎችም ምርታቸውን ደፉት። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን በኪያሩ ላይ የነበረው ባክቴሪያ ሰውን ከገደለው ወገን አለመሆኑ በምርመራ ታወቀ። ስሙ አንድ ነበር፥ ዘሩ ግን ሌላ ነበር። የአውሮፓ ኅብረትም ለተጎዱት አትክልተኞች 210 ሚሊዮን ዩሮ ካሣ ለመመደብ ተገደደ።

እውነተኛው ምንጭ በታችኛው ሳክሶኒ ባለ አንድ እርሻ የበቀለ የአብሽ ቡቃያ ሆኖ ተገኘ፤ ዘሩም ከግብፅ የመጣ እንደ ሆነ ተወሰነ። ይህ የተገኘው ግን በመሣሪያ ብቻ አይደለም። ገዳዩ ባክቴሪያ ከአብሹ ዘር ላይ አልተያዘም፤ የታወቀው በሽተኞቹ የት እንደ በሉ፥ ምግብ ቤቶቹ ከማን እንደ ገዙ፥ ሻጩም ዘሩን ከየት እንዳመጣ በደረሰኝና በመዝገብ ተከታትለው ነው። እንግዲህ ምልክቱ ኪያሩን ነፃ አወጣው፥ መዝገብ ደግሞ ቡቃያውን አገኘው።

ከዚህ የሚወጣው ሕግ ግልጽ ነው። የባክቴሪያው ምልክት ትልቅ ምስክር ነው፥ ነገር ግን ብቻውን ዳኛ አይደለም። አንዳንድ ወገን በብዙ በረት የተሠራጨ ስለሚሆን፥ ሁለት ምልክት አንድ ሆኖ ቢገኝም ወተቱ ከዚያ በረት ወደ በሽተኛው ቤት መድረሱ በሰው ቃልና በጽሑፍ መረጋገጥ አለበት። እንዲሁም በአንድ ቀን በተወሰደ ናሙና ምንም ባይገኝ በረቱ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ላሚቱ ባክቴሪያውን አንድ ቀን ታወጣለች፥ ሌላ ቀን አታወጣምና።

ሹማምንትና ባለከብቶች ሊያደርጉት የሚገባ

በኢትዮጵያ ብዙው ወተት ሳይፈላ ይጠጣል፤ እርጎውና አይቡም በየቤቱ ተሠርቶ በገበያ ይሸጣል። ስለዚህ በዊንስተን ሴለም የሆነው ለኢትዮጵያ ባለከብት እንግዳ ነገር አይደለም። ፊደል የሚያነብበው መሣሪያ በየወረዳው የለም፤ ነገር ግን መሣሪያው የሚያነብበው ናሙና የሚጀምረው ከወረዳው ነው። ናሙናው የተበላሸ እንደ ሆነ ከሁሉ የተሻለው መሣሪያ ምንም ሊያነብብ አይችልም።

አንደኛ፤ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የታመመ እንደ ሆነ፥ የታመመው ማን እንደ ሆነ፥ በየትኛው ቀን እንደ ጀመረው፥ ከዚያ በፊት ምን እንደ በላና እንደ ጠጣ፥ ከማንም እንደ ገዛ ሳይውል ሳያድር ይጻፍ። ያልታመሙት ጎረቤቶችም ምን እንደ በሉ ይጠየቁ፤ ሁለቱ ሲነጻጸሩ ነው ምንጩ የሚጠረጠረው።

ሁለተኛ፤ የተረፈው ወተት፥ እርጎ ወይም አይብ በፍርሃትም ሆነ በቍጣ አይደፋ። የእንስሳት ሐኪሙ ወይም የጤና ሠራተኛው በፈላ ውሃ በተቀቀለ ንጹሕ ጠርሙስ ከየዕቃው ለየብቻ ይውሰድ። የሁለት ሰው ወተት በአንድ ጠርሙስ ከተቀላቀለ ምስክርነቱ ጠፋ።

ሦስተኛ፤ በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ የባለቤቱ ስም፥ ቀበሌው፥ ቀኑና ሰዓቱ፥ የወሰደውም ሰው ስም ይጻፍ፤ ባለከብቱ ባለበት ይታሸግ። ይህ መንግሥትን ብቻ ሳይሆን ባለከብቱንም ይጠብቀዋል።

አራተኛ፤ ናሙናው በበረዶ መካከል ቀዝቅዞ፥ ነገር ግን እንደ ድንጋይ ሳይረጋ፥ በተቻለ መጠን በአንድ ቀን ውስጥ ወደ ክልሉ የእንስሳት ጤና ምርመራ ቤት ወይም በሰበታ ወዳለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይላክ። እንዳይበላሽ ተብሎ መድኃኒት አይጨመርበት፤ መድኃኒቱ ምስክሩን ይገድለዋልና።

አምስተኛ፤ የምርመራው መልስ እስኪመጣ የሚጠረጠረው ወተት ሳይፈላ እንዳይሸጥ ይከልከል እንጂ ከብቱ አይታረድ፥ የባለቤቱም ስም በገበያ አይጠራ። ባለከብት እውነቱን ቢናገር እንደሚዋረድ ካወቀ የታመመች ላሙን ይደብቃል፤ ነገሩን በሕግና በምስጢር እንደሚይዙለት ካወቀ ግን ራሱ መጥቶ ያመለክታል።

ስድስተኛ፤ መልሱ እስኪመጣ ሕዝቡ የሚድንበት መንገድ የታወቀ ነው። ወተት በ63 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ደቂቃ፥ ወይም በ72 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድ ከቈየ እነዚህ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፤ መለኪያ በሌለበት ቤት ወተቱ እስኪገነፍል ማፍላት ይበቃል። ዕቃውን በወይራ ማጠን መልካም ልማድ ነው፥ ነገር ግን ማፍላትን አይተካም። የእርጎውም መኮምጠጥ ለኦ157 እርግጠኛ መድኃኒት አይደለም። ለአይብ አሬራውን ለብ ማድረግም ከማፍላት ጋር አይቈጠርም፤ ስለዚህ አይብ የሚሠራበት ወተት አስቀድሞ ይፍላ፥ ቀዝቅዞም በእርሾ ይርጋ። ከመታለቡ በፊት ግቷን፥ እጅንና ማለቢያውን በንጹሕ ውሃ ማጠብ፥ እበቱንም ከማለቢያው ስፍራ ማራቅ ከሁሉ ይቀድማል። ይልቁንም ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ያልፈላ ወተትና ከእርሱ የተሠራ አይብ እንዳይቀምሱ በየቀበሌው ይነገር።

ወተት የባለከብቱ ገቢ፥ የሕፃኑም ምግብ ነው፤ አንዱን ለማዳን ሌላውን ማጥፋት አይገባም። የተጠበቀ ናሙናና የተጻፈ ቃል ሁለቱንም ያድናል፤ በሽታው ያለበትን በረት ለይቶ ያሳያል፥ የሌለበትንም ከሐሜት ያወጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ የወረዳ ሹም ከእንስሳት ሐኪሙ ጋር ተማክሮ ንጹሕ ጠርሙሶች፥ መዝገብና በረዶ የሚገኝበትን ስፍራ በሽታው ሳይነሣ አስቀድሞ ሊያዘጋጅ ይገባዋል።